ያልተጠረገው ውሃ

ሶፍቴ ያልናት እኛ ነን። እናቷ ያወጡላት የሚያምር ስም አላት፤ ግን ላቦራቶሪያችን ውስጥ በዚያ ስም ቢጠሯት ዞር የምትል አይመስለኝም። ሶፍት ከእጇ ስለማይለይ ሶፍቴ ተባለች፣ አለቀ። ቅጽል ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ላይ ስም መለጠፍ የምወድ፣ ጠዋት ጠዋት ሳልነጫነጭ ሥራ የማይጀመርልኝ ሰው ነኝ፤ እሷ ደግሞ ከጎኔ ባለው ወንበር ዓመታት ተቀምጣ ይህን ሁሉ ችላኛለች።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው የሶፍቱን ነገር ማስረዳት አለብኝ። ሐኪሞች ከበሽተኛ ሰውነት ቆንጥረው የሚልኩልንን ሥጋ እኛ ቀልጦ በተዘጋጀ ሰም ውስጥ እንቀብረዋለን። ሰሙ ሲጠነክር ብሎክ ይሆናል። ብሎኩን በረዶ ላይ አቀዝቅዘን በማሽኑ ምላጭ እንቆርጠዋለን። ቁራጩ በሽንኩርት ቅጠሎች መሃል ካለችው ስስ ሽፋን የሳሳ ነው፤ ቢተነፍሱበት ይበራል። እየተቆረጠ፣ አንዱ ከሌላው እየተያያዘ፣ እንደ ጥብጣብ ይወርዳል። ያን ጥብጣብ ሞቅ ያለ ውሃ ባለበት ሰፊ ሳህን ላይ እናንሳፍፈዋለን፤ ጭምድዱ ተፈቶ ሲተኛ ከሥሩ ስላይዱን ሰደን እንቀልበዋለን። ከዚያ ስላይዱ ቀለም ይጠጣል፣ የክፍላችን ዶክተርም በማይክሮስኮፕ ሴል በሴል ታነበዋለች። በሽታው ክፉ ይሁን ደግ የሚታወቀው እዚያች ብርጭቆ ላይ ነው።

ታዲያ ከአንዱ በሽተኛ ሥጋ ብናኝ የምታህል ነገር ውሃው ላይ ከቀረች፣ ቀጥሎ በሚመጣው ሰው ስላይድ ላይ ሄዳ ትለጠፋለች። ለዚህ ነው በየመሃሉ የውሃውን ፊት በሶፍት የምንጠርገው። ሁላችንም እንጠርጋለን። ሶፍቴ ግን ጠርጋ፣ ደግማ ጠርጋ፣ ጎንበስ ብላ በመብራቱ አቅጣጫ ውሃውን በአግድም ካላየች አይሆንላትም።

"ሰውየው የሚጠጣው መሰለሽ እንዴ?" እላታለሁ።

"ከመጠጣት ይብሳል ጋሼ" ትለኛለች፣ ቀና ሳትል።

ስትፈጠር ጭንቀታም ናት። ቤቷን ቆልፋ ከወጣች በኋላ ከመንገድ ተመልሳ ቁልፉን ትነካለች። ስልክ ሲጠራ ገና ሳታነሳው ፊቷ ይለዋወጣል። ወንድምና እህቶቿ ትዳር ይዘው ሲበታተኑ እሷ የመጨረሻዋ ነችና ከእናቷ ጋር ቀረች፤ ከአንድ ፎቶኮፒ ቤት ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ይኖራሉ። መጀመሪያ ነርስነት ጀምራ ነበር። ትታው ለምን ወደ እኛ እንደመጣች አንድ ቀን ጠይቄያት "ሰው ሲያለቅስ ማየት አልችልም" አለችኝ። እኛ ዘንድ ሰው የሚመጣው በብልቃጥ ነው፤ ብልቃጥ አያለቅስም። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ውጤት የሚጠብቁትን ሰዎች ፊት ላለማየት እንኳ የምትገባውም የምትወጣውም በዕቃ ማስገቢያው በር ነበር። እኔም በዚህ ስቄባታለሁ።

የእናቷ የሆድ ሕመም የጀመረው በዋዛ ነው። እናቷ ቀልደኛ ሴት ናቸው፤ "ጨጓራዬ እንደ አከራይ ነው፣ ወር በመጣ ቁጥር ይነሳብኛል" እያሉ ልጃቸውን ሲያታልሏት ከረሙ። ምግብ መቀነሳቸውን፣ ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ መንሸራተቱን ሶፍቴ አየች። አየችና እንቅልፍ አጣች። በስንት ልመና አምጥታ ለምርመራ አስገባቻቸው፤ በአፍ የሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ ጨጓራቸው ድረስ ወረደና ሥጋ ተቆነጠረላቸው። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ጉሮሯቸውን በእጃቸው ይዘው "ሁለተኛ ግን ብሞትም አልውጠውም" አሉ። ይህን ሲሉ አይቀልዱም ነበር።

ያን ቀን ወረፋው ላይ አንዲት አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ሴትዮ ከእናትየው ጎን ተቀምጣ ነበር። ብቻዋን ነው የመጣችው። ሁለቱ እስኪጠሩ ድረስ ስለ ቃር፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለማይረባ አማች ሲያወሩ ቆይተው ወዳጅ ሆኑ። ሴትዮዋ ቀድማ ገባች፤ ወጥታም "እትዬ፣ ምንም አይደል፣ ዓይንዎን ጨፍነው ልጅነትዎን ያስቡ" ብላ መከረቻቸው። እናትየው ተከትለው ገቡ። ብልቃጦቹም በዚያው ተራ ተከታትለው ወደ እኛ መጡ።

እኛ ክፍል ውስጥ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያከብረው አንድ ደንብ አለ፤ የራሱን ሰው ማንም አይቆርጥም። የዘመድ ብሎክ የመጣለት ሰው ለጎረቤቱ ያሳልፋል። የሶፍቴ ጎረቤት እኔ ነኝ። እኔ ግን ብሎኮቹ ለመቆረጥ በደረሱበት ቀን መንጋጋ ጥርሴን ለማስነቀል ፈቃድ ወስጄ ነበር።

በማግስቱ ጉንጬ አብጦ፣ ግማሽ ፊቴ ተወጥሮ ስገባ ሶፍቴ ማሽኑ ፊት ተቀምጣለች። ማሽኑ አይሠራም። እጇ ጭኗ ላይ ነው። እንዲህ ባዶ እጇን አይቻት አላውቅም።

"ምን ሆነሻል?"

"የእማዬን ቆረጥኩት።"

ደሜ ፈላ። "ማን ቁረጪ አለሽ? አንድ ቀን መጠበቅ አቃተሽ?"

"አቃተኝ። ብሎኩ በረዶው ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሲያየኝ ዋለ። ልተወው ብዬ ሌሎቹን ስቆርጥ ቆየሁ፤ ተራው ሲደርስ እጄ አነሳው።" ወደ ውሃው ሳህን አየች። "ጋሼ፣ ውሃውን መጥረጌን አላስታውስም።"

በዚያ ባበጠ ፊቴ ሳቅሁ፤ መንጋጋዬ ዋጋዬን ሰጠኝ። "አንቺ? አንቺ ነሽ ውሃ ሳትጠርጊ የምትቀሪው?"

"ከእሷ በፊት ያለውን ቁጥር ብሎክ ቆርጬ ጨረስኩ። ሶፍቱን መያዜ ትዝ ይለኛል። ስልኬ ጠራ፤ እማዬ ነበረች። 'ነገ ውጤት ስንት ሰዓት ነው?' አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ጭንቅላቴ ውስጥ የለም። ስነቃ የእሷን ጥብጣብ እያንሳፈፍኩ ነው።"

ልታጽናኗት ብትሞክሩ የምትጽናና ሰው አይደለችም። "እጅሽ ለምዶታል፣ ሳታስቢውም ጠርገሻል" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ይህን እየተባባልን ሳለ ዶክተሯ በሩን ከፈት አድርጋ ሁለታችንንም ጠራችን። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር።

ዶክተሯ ነገር የማታበዛ፣ ሰውን በደረቁ የማታስደነግጥ ሴት ናት። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ የሚያይበት ማይክሮስኮፕ አላት፤ ሶፍቴን በማዶ በኩል አስቀመጠቻት። እኔ ቆየት ብዬ አየሁ። የእናትየው ጨጓራ ሴሎች ቁጣ ቢጤ ነበረባቸው እንጂ ሥርዓታቸውን ጠብቀው ተደርድረዋል። ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ሄድን፣ ደህና ነው። የጥብጣቡ መጨረሻ ላይ ግን፣ ከዋናው ሥጋ ጠርዝ አጠገብ፣ ጥቂት የጠቆሩ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ የሆኑ፣ እርስ በርስ የተጨናነቁ ሴሎች አሉ። ሙያውን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ቢያይ እንኳ የማይወዳቸው ዓይነት ናቸው።

"ከላይ ባሉት ቁራጮች ላይ የለም፤ የመጨረሻው ላይ ብቻ ነው ያለው" አለች ዶክተሯ። "ወይ ከውሃው መጥቶ የተለጠፈ ነው፣ ወይ ደግሞ እውነተኛው በሽታ እዚህ ጋ መጀመሩ ነው። የራሳቸው ከሆነ ወደ ውስጥ በገባን ቁጥር እየሰፋ ይመጣል።"

"ከፊቱ ያለው ቁጥር..." አለች ሶፍቴ።

"እሱም ጨጓራ ነው። ካንሰር ነው፣ አያጠራጥርም። ከሌላ አካል ቢሆን ኖሮ ገና ሳየው እለየው ነበር፤ የጡት ሥጋ ጨጓራ ውስጥ አይበቅልም። ጨጓራን ከጨጓራ መለየት ግን በዓይን ብቻ አይሆንልኝም። ውሃውን ጠርገሽ ነበር?"

ሶፍቴ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አነሳች። አልጠረግኩም ብትል እኮ ነገሩ ወደምትመኘው ያዘነብልላት ነበር፤ ቢያስወቅሳትም ለእናቷ ስትል ወቀሳው ምኗ ነው? እኔ ብሆን ኖሮ ይህ ቃል አፌ ላይ ሲመጣ እመልሰው እንደሆነ እንጃ።

"አላስታውስም ዶክተር። አልጠረግኩም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን አላስታውስም።"

"ብትዪኝም አላምንሽም ነበር" አለች ዶክተሯ በለሆሳስ። "አንቺ ዛሬ የእሳቸው ልጅ ነሽ እንጂ ባለሙያ አይደለሽም። ብሎኩ ራሱ ይናገር። ጋሼ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይቁረጠው።"

ችግሩ ብሎኩ ውስጥ የቀረው ሥጋ ከሰሊጥ ፍሬ አለመብለጡ ነው። ምላጩ አንዴ ከተንሸራተተ፣ ጥብጣቡ አንዴ ከተጨማደደ፣ መልስ የሚባል ነገር አይኖርም። ያን ጊዜ እናትየው እንደገና ቱቦ ሊውጡ ነው፤ እምቢ ካሉ ደግሞ ልጃቸው ጥርጣሬውን ይዛ ትኖራለች። ሶፍቴና ጥርጣሬ እንዴት አንድ ቤት እንደሚኖሩ ማሰብ አልፈለግሁም።

የሳህኑን ውሃ ደፋሁት። ሳህኑን አጥቤ አደረቅሁና አዲስ ውሃ ሞላሁ፣ ምላጩን ቀየርኩ። ውሃው እስኪሞቅ ሶፍቴ ከኋላዬ ቆማ ትንፋሿን ስሰማ ጀርባዬ ደረቀ።

"ውጪልኝ" አልኳት። "አንቺ እያየሽኝ አንድ ክር አልቆርጥም።"

"የት ልሂድ?"

"እናትሽ ኮሪደሩ ላይ አሉ አይደል? ሂጂና ተቀመጪ።"

ወደ ዕቃ ማስገቢያው በር ሁለት እርምጃ ያህል ሄደች። ከዚያ ተመለሰችና በዋናው በር ወጣች። በሩ ሲከፈት ኮሪደሩ ሙሉ ሰው መሆኑን አየሁ፤ እናትየው ቦርሳቸውን ታቅፈው፣ ያቺ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰችው ሴትዮ ከጎናቸው ሆና። ለሁለቱም የውጤት ቀን ያው ነበር። ሴትዮዋ ለሶፍቴ ጠጋ ብላ ቦታ ስትሰጣት አየሁና በሩ ተዘጋ።

ብዙ ሥጋ ቆርጫለሁ። እየቆረጥኩ አንጎራጉራለሁ፣ ዶክተሯን አማለሁ፣ ስለ ምሳ አስባለሁ። ያን ቀን ግን የማሽኑን እጀታ ስይዝ ጣቴ የሌላ ሰው ጣት ሆነብኝ። የተነቀለው ጥርሴ ቦታ ይጠዘጥዘኛል፣ ጉንጬ ሳላዝዘው ይንቀሳቀሳል። የመጀመሪያው ጥብጣብ ጥሩ ሆኖ ወረደ። ሁለተኛውን ስጀምር ምራቄ ትን አለኝ፤ ሳል መጣ፤ እጄን ከማሽኑ አንስቼ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እንባዬ እስኪወርድ ሳልኩ። ስመለስ ጥብጣቡ ምላጩ ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ። በብሩሽ ፀጉር ጫፍ እየነካሁ፣ ሳልተነፍስ፣ ፈታሁት። አንዷ ቁራጭ ተቀዳዳ ጠፋች። የቀሩት ውሃው ላይ ተዘረጉ። አንድ በአንድ ስላይድ ላይ አወጣኋቸው።

ብሎኩን ዞር አድርጌ አየሁት። ሰም ብቻ ነው የቀረው። ከዚህ በኋላ የሚቆረጥ የለም።

ስላይዶቹ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ሲሻገሩ ቆሞ ከማየት ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ይህ ነገር አይቸኩልም፤ ለንጉሥም አይቸኩል። በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ። ሶፍቴ በሁለቱ ሴቶች መካከል ተቀምጣ ወለሉን ታያለች። እናትየው ነገሩ ያልገባቸው ለመምሰል ስለ አንድ ጎረቤት ድመት እያወሩ ነው፤ ግን የቦርሳቸውን ማንገቻ ጣታቸው ላይ ሲጠመዝዙትና ሲፈቱት አየሁ። አረንጓዴ ሹራብ የለበሰችው ሴትዮ የሶፍቴን እጅ በሁለት እጇ ይዛለች።

"አይዞሽ ልጄ" ስትላት ሰማሁ። "የእናትሽ ደህና ነው የሚሆነው። እኔ ልቤ ነግሮኛል፤ ልቤ ደግሞ ዋሽቶኝ አያውቅም።"

ሶፍቴ "አሜን" አለች። በሩን መልሼ ዘጋሁት።

ዶክተሯ ስላይዶቹን ከእጄ ተቀብላ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ስትተክል ወንበር አልሳብኩም። አንዱን ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ እስከ ቀኝ ሄደችበት። አወጣችው። ሌላውን አስገባች። አንድ ቦታ ላይ ቆመች። መልሳ ቀጠለች። የመጨረሻውን ስትጨርስ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ መነጽሯን አወለቀች።

"ንጹህ ነው። እስከ መጨረሻው ድረስ ንጹህ ነው። የጨጓራ ቁስለት አለባቸው፣ መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ይድናሉ። ያኛው ከውሃው የመጣ ነው።"

ደስታ ሰውን ያሳብደዋል። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ጥርሴ ነው አልኩ። "ተመስገን! እንኳን የሌላ ሰው ሆነ!" ብዬ ጮህኩ፤ ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት።

ዶክተሯ ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም። ቀዳሚውን ቁጥር ስላይድ ከትሪው ላይ አንስታ ከውጤቱ ወረቀት ጋር አደረገችውና ወረቀቱን ውጤት ለምትነግረው ነርስ እንድታደርስ ለተላላኪዋ ሰጠቻት። እኔ ያን ጊዜም አልገባኝም። ሶፍቴን ፍለጋ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ገና ስታየኝ ተነሳች። ልስቅላት ብፈልግም ግማሽ ፊቴ አይታዘዘኝም፤ እንዲያ ተጣምሜ ስታየኝ ፊቷ አመድ ሆነ። ቶሎ ብዬ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁላት። "ንጹህ ነው። ከውሃው ነው።" ቃሉ ወጥቶ ጆሮዋ እስኪደርስ የፈጀበትን ጊዜ እኔ ነኝ የማውቀው። እናቷ እግር ሥር ቁጭ አለችና ራሷን ጉልበታቸው ላይ ጣለች። እናትየው ፀጉሯን እየዳበሱ "ምነው፣ ሞቼ የተነሳሁ አስመሰልሽኝ እኮ" አሉ፤ ድምፃቸው ግን መሃል ላይ ተሰበረ።

"አላልኩሽም?" አለች አረንጓዴ ሹራብ የለበሰችው ሴትዮ። ከእኛ ከሁላችን ይልቅ ፊቷ የበራው እሷ ናት። እናትየውን አቅፋ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። "እትዬ፣ እርስዎ ደህና ከሆኑማ እኔም ተስፋ አለኝ። ተከታትለን አይደል የገባነው? እኔ ከፊት፣ እርስዎ ከኋላ።"

ሶፍቴ ከእናቷ ጉልበት ላይ ራሷን ቀስ ብላ ቀና አደረገች። ሴትዮዋን አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። እዚያው ቆሜ ዶክተሯ ለምን ዝም እንዳለችኝ ገባኝ። ብናኙን የሌላ ሰው ይሁን እያልን ስንለምን፣ ያ ሌላ የተባለው ሰው ይኸው እጃችንን ይዞ ሲያጽናናን ነበር።

የነርሷ ክፍል በር ተከፈተና የሴትዮዋ ስም ተጠራ። ሴትዮዋ ሹራቧን አስተካክላ ተነሳች። "እትዬ፣ ቦታዬን ይጠብቁልኝ፣ አሁን መጣሁ" አለች። ነርሷ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ ቃኘች።

"አብሮዎት የመጣ ሰው አለ?" ብላ ጠየቀች።

ይህ ጥያቄ እኛ ግቢ ውስጥ ለማን እንደሚጠየቅ ሶፍቴም እኔም እናውቃለን። ሴትዮዋ ግን አታውቅም፤ ፈገግ እንዳለች "ኧረ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ" አለች።

ሶፍቴ ተነስታ አጠገቤ ቆመች። ያ ዕቃ ማስገቢያ በር ከጀርባችን፣ በላቦራቶሪያችን በኩል ነው፣ ክፍት ነው፣ ማንም አይጠይቃትም። ሰው ሲያለቅስ ማየት የማትችል ልጅ ናት፤ ሕይወቷን በሙሉ ያበጀችው ያን ላለማየት ነው። ፊቷን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች።

"አለ" አለች። "እኔ አለሁ።"

ሄዳ የሴትዮዋን ክንድ ያዘች። ሴትዮዋ ገርሟት "ምነው ልጄ፣ አንቺ ሥራ የለሽም?" ስትላት፣ ሶፍቴ "ይደርሳል" ብላ መለሰችላትና አብረው ገቡ። በሩ ተዘጋ። እናትየው በሩን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁ። ቦርሳቸውን ከጭናቸው ላይ አንስተው ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጡት፣ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት።